ያልመጣው ቀይ ገጽ

ያን ጠዋት ቀዩ ገጽ አልመጣም። ሐጂራ ይህን ልብ ያለችው ግን ዘግይታ ነው። የቡና ናሙና ውጤት ልትሞላ ኮምፒውተሯን ስትከፍት፣ የቅምሻ ቤቱ ገጽ ያለ ቀዩ ማስጠንቀቂያ ወለል ብሎ ተከፈተላት። እጇ እንደ ልማዱ «ቀጥል» የሚለውን ሊጫን ሄዶ የሚጫነው አጣ። ወዲያው ዘበኛው ኩመራ ከጓሮ ጮኸ።

አብሳሎም ከናሙና መጋዘኑ ደረጃ ሥር ወድቋል። የቅምሻ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር፤ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ተምሮ ጅማ የቀረ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ከሐጂራ ግቢ የተከራየ ልጅ። «እማ» ነበር የሚላት። ማታ ትንሽ ከቆየባት መኪና ገጨው፣ ታመመ፣ ተደበደበ ትል ነበር። ደረጃን ግን አስባ አታውቅም።

ኢንስፔክተር ጊፍቲ አስከሬኑ አጠገብ ብዙ ቆየች።

«አዳልጦት ነው፣ አይደል?» አላት ኩመራ።

«የሸሚዙ ኪስ ተቀዷል። ደረጃ ኪስ አይቀድም። ማታ ማን ነበር?»

«እሱና ኢሕሳን፣ የአዴ ሐጂራ ልጅ። በበሩ ሌላ ዝንብ አላስገባሁም። የጓሮው አጥር ግን ራሱ ነው የሚያስገባው፤ ስንቴ ነገርኳቸው!»

ዋናው ቀማሽ አቶ ዓለምብርሃን ሳይጠየቅ ጀመረ።

«አዎ፣ ተጣልቼዋለሁ። የአንድ የሊሙ ገነት ነጋዴ ቡና ሻጋታ ሸቶኝ እጥለዋለሁ፤ በማግስቱ አንደኛ ደረጃ ሆኖ ቁጭ! የተቀየረው በእኔ የይለፍ ቃል ነው። ከኮምፒውተር ሠሪው በቀር ማን ያውቀዋል?»

«ማታ የት ነበሩ?»

«ቤቴ፣ ብቻዬን። በይ እሰሪኝ!»

ናሙና የሚያመላልሰው ኢሕሳን የእናቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ መለሰ።

«እዚሁ ነበርኩ። የእማን ኮምፒውተር ከፍቼ የድሮ ውጤት አያለሁ።»

«ምንም አልሰማህም?»

«ጄኔሬተሩ እያጓራ ምን ይሰማል?»

«ገጹስ ቶሎ ተከፈተልህ?»

«ኧረ ተይኝ! ያው ቀዩ መጣ፣ አደገኛ ነው ምናምን አለኝ። አልፌው ገባሁ፤ እንደ ሁሌው።»

ሐጂራ አጠገቡ ቆማ ትሰማ ነበር። የጠዋቱ ገጽ ትዝ ያላት ያኔ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጊፍቲ ሁሉንም በቅምሻው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። የአብሳሎም እናት ከሩቅ አገር መጥተው ጥግ ተቀምጠዋል። በዋዜማው ማታ ሐጂራን የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልጄ ይበላልሽ ነበር?» «ከልጄ ጋር ከአንድ ትሪ» ብላቸዋለች።

«ገጻችሁ እዚሁ የተሠራ ነው» አለች ጊፍቲ። «እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው የምስክር ወረቀት ብሮውዘሩ ከሚያምናቸው ውስጥ ስለሌለ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። እናንተም ሳታነቡ ማለፍ ለመዳችሁ። አብሳሎም ደግሞ ኮምፒውተር ሲከፈት የምስክር ወረቀቱን ብሮውዘሩ ውስጥ በራሱ የሚያስገባ ፕሮግራም ሠራ። ‹ነገ እጨርሳለሁ› ነበር ያላችሁ። የጨረሰው ግን በዚያው ቀን፣ ከሥራ መውጫ በፊት ነው። ወደ ሁሉም ኮምፒውተር የላከበት ሰዓት ተመዝግቧል።»

«ይሄ ሰው ያስገድላል?» አለ ዓለምብርሃን።

«የይለፍ ቃልዎን ሰርቆ የነጋዴውን ቡና ደረጃ ያስቀየረው የእውነተኛው መንታ የሚመስል የውሸት ገጽ ነው። ሁለቱም ቀይ ያወጡ ስለነበር አልለዩትም። እውነተኛው ቀዩን ሲተው ግን ቀይ ሆኖ የሚቀረው የውሸቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የውሸቱን የሠራ ሰው አብሳሎምን ማስቆም ነበረበት። በዚያ ማታ ኮምፒውተር ከፍቼ ቀዩን ገጽ አየሁ ያለኝ ደግሞ አንድ ሰው ነው።»

ኢሕሳን ተነሳ። «ፕሮግራሙ የእማ ኮምፒውተር ላይ እምቢ ብሎ ይሆናላ!»

«ሊሆን ይችላል። እምቢ ካለ ጠዋትም ቀዩ መምጣት ነበረበት። ጠዋት ካልመጣ ግን ማታ አልከፈትከውም፤ እዚህም አልተቀመጥክም ማለት ነው። ኮምፒውተሮቹ እስከ ዛሬ ሁሉም ተነካክተዋል፤ እኔ የምፈልገው ያን ጠዋት ነው።» ጊፍቲ ዞረች። «አዴ ሐጂራ፣ የከፈቱት እርስዎ ነዎት። ቀዩ ገጽ መጣ?»

ሐጂራ ልጇን አየችው። ከንፈሩ ብቻ «እማ» አለ። አንዲት «አዎ» ትበቃው ነበር። ጥግ ያሉት ሴትዮ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው አፍ አፏን ያያሉ።

«አልመጣም» አለች።

ኢሕሳን ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ልገድለው አልነበረም፣ ወላሂ! የነጋዴው ገንዘብ ነው ያሳተኝ። ፕሮግራሙን ተወው ብዬ ለመንኩት። ‹ለምን?› አለኝ። ፊቴን ሲያይ ገባው። ‹ለእማ እነግራታለሁ› አለ። ለፖሊስ ቢል እኮ... ለእማ አለ! ደረቱን ያዝኩት፣ ከዚያ...»

ሐጂራ ልታቅፈው ተነሳች። ግን እግሯ የወሰዳት ወደ አብሳሎም እናት ነበር። እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ሴትዮዋ አላባረሯትም፤ አልነኳትምም። ኩመራ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ግድግዳው ዞረ።

አመሻሽ ላይ ብቻዋን ወደ ቤቷ ተመለሰች። እራት ሳትሠራ ዒሻን ሰገደች፤ ዱዓዋ ላይ የሁለቱም ስም ምላሷ ላይ መጣ፣ አንዱን መተው አልቻለችም። በዚያ ቤት በር የሚቆልፈው መጨረሻ የገባው ነበር፤ አንዳንዴ ኢሕሳን፣ አንዳንዴ አብሳሎም። እሷ ቁልፉ ሲዞር ሰምታ ነው የምትተኛው። ዛሬ ወጥታ መንገዱን ወዲህም ወዲያም አየች። የሚመጣ አልነበረም። ገባችና በሩን ቆለፈችው።