የአለነ ጫማ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ላለማመን ደግሞ ከማንም የበለጠ ምክንያት አለኝ፤ ጎንደር ገጠር ሳለን እናቴ ሸክላ ሠሪ ስለነበረች ጎረቤቱ ሁሉ «ቡዳ ናቸው፣ ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ» ይለን ነበር፣ እኔ ግን ማታ ማታ ቤታችን ውስጥ የሰማሁት የአባቴን ማንኮራፋት ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው የመንፈስ ወሬ ሲጀምር ቀድሞ የሚስቀው እኔ ነበርኩ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። እስራኤል አገር፣ ሐዴራ ከተማ፣ ቤት ኤሊዔዘር ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእማዬ ጋር እንኖራለን፣ እኔ ጭማቂ ፋብሪካ በፈረቃ እሠራለሁ። ታናሽ ወንድሜ አለነ የለም። እኔና እሱ ቀድመን በሱዳን በኩል ስንመጣ እዚያ ስደተኞች መጠለያ ውስጥ በትኩሳት ሞተ፣ የቀበርኩትም እኔው ነኝ። እማዬ ከዓመታት በኋላ በአውሮፕላን መጣች። በእኛ ዘንድ መርዶ አፍ እንዳመጣ አይነገርም፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጎህ ሳይቀድ ሄደው ነው የሚያረዱት፤ እና አየር ማረፊያው ላይ «አለነስ?» ስትለኝ ደነገጥኩና «ወታደር ሆኗል፣ ደቡብ በረሃ ነው፣ ሥራው ምስጢር ስለሆነ ፈቃድ አይሰጡትም» አልኳት። ለአንድ ቀን ብዬ ነበር፣ እመኑኝ። ዛሬ ነገ ስል አራት ዓመት ሞላው።

አንድ ቀን ሩቲ የምትባል ቀራፂ የእማዬን ሸክላ አይታ ወደምትኖርበት ከተማ ጋበዘቻት። በረሃ መሀል ያለች ትንሽ ከተማ ናት፣ ድሮ የጦር ሰፈር ነበረች፣ ወታደሩ ሲለቅ የቆርቆሮ መጋዘኖቹን ሠዓሊና ቀራፂ ያዛቸው። የእማዬ ደስታ ግን ለሸክላው አልነበረም። «አለነ ያለበት አገር አይደል?» አለችና ዳቦ ጋግራ በጨርቅ ቋጠረችለት። ቋጠሮውን ተቀብዬ ተሸከምኩላት።

አውቶቡሱ ላይ ለሚሳፈረው ወታደር ሁሉ፣ በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጧ፣ «አለነን ታውቁታላችሁ?» ትላለች፣ ልጆቹም እንደ አያታቸው «ሳቭታ» እያሉ ፈገግ ይሉላታል፣ አንዱማ «ሳቭታ፣ እዚህ አገር ስንት ወታደር ያለ መሰለሽ!» አላት። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አያለሁ።

የሩቲ መጋዘን ግድግዳ ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል የወታደሮች ጽሑፍ አልጠፋም። ወለሉ ነጭ የሸክላ አፈር ብናኝ ለብሷል፣ የሰው እርምጃ ሁሉ ይታይበታል። አመሻሽ ላይ እማዬን እንስራ ስትሠራ ትተናት እኔና ሩቲ ማገዶ ልንከምር ወጣን። ቆርቆሮው ይንቋቋል፣ ፀሐይ ሲበርድ እንዲህ ያደርገዋል ብዬ አለፍኩት። ከዚያ የእማዬን ድምፅ ሰማሁ፣ በአማርኛ ታወራለች፣ ዝም ትላለች፣ መልስ እንደሚሰማ ሰው «እህ» ትላለች፣ ደግሞ ትቀጥላለች።

ሩቲ ማገዶውን እንደታቀፈች ቆመች። «ሰውየው ማን ነው?» አለችኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«የሚመልስላት ነዋ።»

ሮጬ ገባሁ። እማዬ ብቻዋን ናት፣ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው፣ የዳቦው ቋጠሮ ተፈቷል።

«አለነ መጥቶ ነበር» አለች፣ ስለ ጎረቤት እንደምታወራ።

«እማዬ፣ ደክሞሽ ነው...»

«ባዶ እግሩን ነው። አንተ ልጅ፣ ወታደር ባዶ እግሩን ይሄዳል?»

ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገራችሁ፤ አለነን ስቀብር ሸራ ጫማውን ከእግሩ አውልቄ ለራሴ አደረግኩት። የእኔ አልቆ ነበር፣ መንገዱም ገና ነበር። ያየኝ ሰው አልነበረም። ወለሉን ስመለከት ደግሞ የባዶ እግር ዱካ አለ፣ ከበሩ ሳይሆን ከግድግዳው ተነስቶ እማዬ አጠገብ ድረስ፣ በግራው እግር ላይ ትንሿ ጣት የለችም፣ አለነ ልጅ ሳለ በመጥረቢያ ያጣት ጣት። የመመለሻ ዱካ የለም። ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሩቲ ሳትደርስ በጫማዬ አሽቼ አጠፋሁት። አፈርኩ መሰለኝ።

በነጋታው ስንመለስ እማዬ አንድም ወታደር አልጠየቀችም። እኔ ያን ምሽት ሽማግሌዎቹን ለመንኩ፣ እነሱ ዘንድ አድሬ ጎህ ሳይቀድ አብረን ሄድን፣ አንኳኳን። ከፈተችልን። ነጠላዋን ለለቅሶ ዘቅዝቃ ለብሳለች።

ትልቁ ሽማግሌ አባ ተገኘ ዞረው አዩኝ። «ነግረሃታል እንዴ?»

«ኧረ አባ፣ እርስዎ ሳይመጡ እንዴት ብዬ!» አልኳቸው፣ ያመኑኝ አይመስለኝም።

ለቅሶው ሰባት ቀን ሆኖ አለቀ። እማዬ ስለ ጫማው አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ብቻ ከገበያ አንድ ጥንድ ሸራ ጫማ ገዝታ መጣች፣ በየምሽቱ ደጃፋችን ላይ አፉን ወደ ደረጃው አዙራ ታስቀምጠዋለች። ጠዋት ለፈረቃዬ ስወጣ ውስጡን አያለሁ፣ አንዳንድ ቀን ነጭ ብናኝ አለው። የሕንፃው እድሳት ኖራ ነው እላለሁ፣ እድሳቱ ካለቀ ግን ዓመት አልፎታል። አራግፌ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ፣ ከዚያ ጎንበስ ብዬ የራሴን ጫማ አስራለሁ።