ብዙ ያልተነዳችው ሞተር

አቶ ከበበ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች፣ ባሕር ዛፉ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ሞተር ብስክሌታቸው አሥር እርምጃ ያህል ወረድ ብላ በጎኗ ወድቃለች። 1976 ዓ.ም.፣ ሐምሌ ወር፣ ዓርብ ጠዋት ነበር።

ሞተሯ ታምራለች። የተሠራችው በቅርብ ቢሆንም ቅርጿ የድሮ ነው፤ ክብ የፊት መብራት፣ ወፍራም የቆዳ መቀመጫ። አቶ ከበበ በሸራ ሸፍነው አኖሯት እንጂ ብዙም አልነዷትም። ሐሙስ ዕለት ሊሸጧት ነበር።

ሃምሳ አለቃ ለተጊዮርጊስ ሬሳውን አየች። ሞተሯን ግን አብዝታ አየች። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አነበበች፣ የቤንዚኑን ክዳን በግድ አላቅቃ ውስጡን ተመለከተች፣ ከዚያ ተንበርክካ ሣሩን አሸተተች። አብሯት የመጣው ፖሊስ ሳቀ።

«ምን ይሸታል?»

«ሣር» አለችው።

ጣቢያ ስትመለስ አለቃዋ ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት።

«ሐሙስ ጠዋት ፍሬኑን የሠራው መካኒክ ተይዟል። ሟች የአብዮት ጥበቃ ጓድ ናቸው። አሻጥር ነው። እስከ አሥር ሰዓት ሌላ ነገር ካላመጣሽ ልጁ ወደ ላይ ይተላለፋል።»

ወደ ላይ የተላለፈ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

መካኒኩ ነጅመዲን እጁ በካቴና ታስሮ ግድግዳውን ተደግፏል። የሲግናል ሰፈር ልጅ ነው።

«ፍሬኑን ሠርቼ እዚያው ግቢ ሞክሬዋለሁ።»

«ቤንዚንስ ነበራት?»

«በራሽን ኩፖናቸው ያመጡትን ሦስት ሊትር እኔው ሞላሁላቸው፣ ዘይት ደባልቄ። ያለ ዘይት ሞተሯ ነክሳ ትቆማለች። ለመኪና ቢያደርጉት ግን ሰፈሩን በሰማያዊ ጭስ ይሸፍነዋል።» እጆቹን ከነካቴናው ወደ እሷ ዘረጋ። «ሚስቴ ከይሪያ ያለሁበትን አታውቅም።»

ገዢው አብደላ መገናኛ ሱቅ አለው።

«አራት ሰዓት ላይ አየኋት፣ ወደድኳት። ቆጣሪውን ውሉ ላይ ጻፍን፣ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት። ምስክር ይዤ በዘጠኝ ሰዓት ብመለስ ሰውም የለ፣ ሞተርም የለ።»

«ምን አሰቡ?»

«ሌላ ገዢ አገኙ ብዬ ሳማቸው አመሸሁ። አላህ ይማረኝ!»

የሟች ባለቤት ወይዘሮ በለጡ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ የስኳር ሰልፍ ላይ ነበሩ። «ያ መካኒክ ነው የገደለብኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ጎረቤታቸው ወንድይራድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው። ፒካፑን በር ላይ እያሞቀ ነበር።

«ፍሬን ነው እህቴ! ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፣ ፍሬን የበላውን ሰው ሳየው አውቃለሁ።»

«ሐሙስ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«በዚያ ዝናብ የት እሄዳለሁ? ተኝቼ።»

«መኪናዋስ?»

«ንቅንቅ አላለችም። ጠዋት ጠዋት መሥሪያ ቤት ቤንዚኗን በእንጨት ይለኩብኛል። አንድ ጣት ቢጎድል አበሳዬን ነው የማየው።»

ለተጊዮርጊስ የመኪናዋን ኋላ ስታይ ቆየች። ከዚያ ባዶ ጠርሙስ ፍለጋ ሄደች።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም በሟች ግቢ ሰበሰበች። ነጅመዲን ከነካቴናው ቆሟል።

«አቶ ወንድይራድ፣ ከዚህ ኪዳነ ምሕረት ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?»

«አሥር ቢሆን ነው።»

«አቶ አብደላ፣ ቆጣሪው ይሠራል?»

«ሳስገፋት ሲዞር አይቻለሁ።»

«ዛሬም ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ነው። ስለዚህ ሞተሯ ተነድታ አልወጣችም፣ ተጭና ነው። ፍሬን ደግሞ የተጫነ ሰው አይገድልም።»

ወይዘሮ በለጡ ቀና አሉ።

«ቤንዚኑም አለ። ሦስት ሊትር ነበር፣ አሁን ጠብታ የለም። ክዳኑ ግጥም ብሎ ተዘግቷል፣ ሣሩ ላይም አልፈሰሰም። ሬሳ ጥሎ የሚሸሽ ሰው ቆሞ ቤንዚን የሚቀዳው ለምንድን ነው?»

ወደ ወንድይራድ ዞረች።

«ጠዋት በእንጨት የሚለካበት ከሆነ ነው። እንጦጦ ደርሶ የተመለሰበትን በምን ኩፖን ይተካዋል?» ጠርሙሱን ለነጅመዲን ሰጠችው። «ከፒካፑ ያስቀዳሁት ነው። ቅድም ሲያሞቃት ጭሷ ሰማያዊ ነበር።»

ነጅመዲን ጠብታውን በሁለት ጣቶቹ አሸው። «ዘይት አለበት። እኔ የደባለቅኩት ነው።»

ወንድይራድ ወደ በሩ አየ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«ሞተሯን ለእኔ ሊሸጡልኝ ነበር ቃል የገቡት!» ብሎ ጮኸ። «ሦስት ዓመት አቧራዋን የጠረግኩ እኔ፣ የሚወስዳት ባለሱቅ! ገፋ ነው ያደረግኳቸው። ይሄ ደረጃ ነው የመታቸው።»

ወይዘሮ በለጡ ተነስተው ፊቱ ቆሙ።

«ስትጭናቸው ይተነፍሱ ነበር?»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ወንድይራድ! ይተነፍሱ ነበር ወይ?»

«ትንሽ» አለ።

ለተጊዮርጊስ ካቴናውን ከነጅመዲን እጅ ፈትታ ለወንድይራድ አጠለቀችለት። ነጅመዲን ግን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

«ልሂድ?»

«ሂድ እንጂ!»

እስከ በሩ ቀስ እያለ፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ እያየ ሄደ። ከበሩ ውጭ ግን ሲሮጥ ሰሙት።