ያልጎደለው ብልቃጥ

የመሪጌታ ዘርአ ዳዊት አስከሬን ሳይገነዝ መርማሪው መቶ አለቃ ገብረ ጻድቅ ተጠራ። ጥቅምት 1950 ዓ.ም. ነው፤ ዓለምን ያዳረሰው ጉንፋን አንኮበር ገብቶ የማያስል ሰው ጠፍቷል። መርማሪውም አፍንጫውን እየጠረገ ደረሰ።

ግቢው ውስጥ አብዱልጀሊል የተባለ የአልዩ አምባ ማር ነጋዴ የፊጥኝ ታስሯል። ያሰረው የሟቹ ወንድም ወልደአረጋይ ነው።

«ለጉንፋኑ ብሎ ማር አመጣለት፤ ይኸው በአራተኛው ቀን ሞተ። ጠጅ ሳይቀምስ አፉ ጠጅ ጠጅ ይላል። መርዝ ነው! በደም ይጠየቅልኝ!»

«ወላሂ፣ ከዚያው ማር ልጆቼም በልተዋል» አለ አብዱልጀሊል።

መቶ አለቃው ወደ ቤት ገብቶ አስከሬኑን ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ሽታው እውነት ነው። ከአልጋው አጠገብ ሁለት ባዶ እንስራ አየ።

«ይህ የስንት ቀን ውሃ ነው?»

«የትናንት ብቻ» አለች ሚስታቸው ወለተሐና። «ጥሙ አላስቀምጥ አላቸው። እንደ ጠጡ ወዲያው ይሸናሉ። በመጨረሻ ትንፋሻቸው ዳገት እንደ ወጣ ሰው ሆነ።»

«የቆየ ሕመም ነበረባቸው?»

«ስኳር። በየቀኑ መርፌ የምወጋቸው እኔ ነኝ፤ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢው፣ አስተምሮኝ።»

መድኃኒቱን ከምታቀዘቅዝበት ገንቦ ብልቃጡን አውጥታ ሰጠችው። ወደ ብርሃን አንስቶ አየውና ምነው ባላየሁት አለ በሆዱ።

ድሬሰሩ ብርሃነ መስቀል ተልኮበት እያሳለ ሲመጣ መቶ አለቃው ሁሉንም ሰበሰባቸው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ብልቃጡ ለስንት ቀን ነበር?»

«ለሃያ፤ ዛሬ ማለቅ ነበረበት» አለ ድሬሰሩ።

«ዛሬ ሃያኛው ቀን ነው፤ የአራት ቀን መድኃኒት ግን ተርፏል» አለ መቶ አለቃው። « ጉንፋኑ ከጣላቸውም አራት ቀን ነው። ጥሙስ፣ ትንፋሹስ፣ የአፋቸው ሽታስ?»

ድሬሰሩ አንገቱን ደፋ። «መርዝ አይደለም። የስኳር በሽተኛ መርፌው ሲቋረጥበት እንዲህ ይሆናል። ትኩሳት ሲጨመርበት ደግሞ ይፈጥናል። ማሩ ቢያባብሰው እንጂ ብቻውን አልገደላቸውም።»

«ምግብ ካልቀመሱ አይውጓቸው ብለኸኝ አልነበር?» ብላ ጮኸች ወለተሐና። «አራት ቀን ከማሩ በቀር እህል ባፋቸው አልዞረም!»

«እሱን ያልኩዎ ለጾም ቀን ነበር፤ ጾሙን እስኪፈቱ እንዲቆዩ። ስለ ትኩሳት... አልነገርኩዎትም። አላሰብኩትም።»

መቶ አለቃው የአብዱልጀሊልን ገመድ ፈታ።

«ታዲያ ማን ይታሰር?» አለ ወልደአረጋይ።

ድሬሰሩን እንዳይዝ አርባ በሽተኛ ይጠብቀዋል። ሴትየዋም የታዘዘችውን ነው የፈጸመችው። ገመዱን ጠምጥሞ ወደ ጎን አስቀመጠው፤ ወንጀለኛ ቢያገኝ በቀለለው ነበር።

ወለተሐና ብልቃጡን አንስታ ለድሬሰሩ ዘረጋችለት።

«ሌላ ስኳር ያለበት ሰው አለ?»

«ጎረቤላ መንደር አንዲት እናት አሉ።»

«ስጣቸው። ትኩሳት ቢይዛቸውም መርፌውን እንዳይተዉ ንገራቸው። ደግመህ ንገራቸው።»