የውስጥ በሮች ሁሉ ይከፈቱ

ብርዳማዋ የባላራት ከተማ ውስጥ ሰው በብርድ አያማርርም፤ ሌላ ሹራብ ይደርባል እንጂ። ብሮንዊን ግን ባለፈው ክረምት ሳንባ ምች ይዟት ከሞት አፋፍ ተመልሳለች። «ወይ ቤቱን ታሞቂዋለሽ፣ ወይ ትሸጪዋለሽ!» አለቻት ታላቅ እህቷ ቁርጥ አድርጋ። የቤቱን ሙቀት አያያዝ የሚመዝነውን ባለሙያም ራሷ ጠራችላት።

እህቷ ያላወቀችው ነገር ነበር። ቀዝቃዛው የደቡብ ነፋስ ሲነሳ ኮሪደሩ ውስጥ ፉጨት ይሰማል፤ ቀጭን፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚል። የብሮንዊን ባል ላክላን ከሥራ ሲመለስ የአጥሩን በር እየከፈተ ልክ እንደዚያ ያፏጭ ነበር። በመኪና አደጋ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ፉጨቱ የጀመረው ከቀብሩ በኋላ ነው። እሷም ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ባዶ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። ሳንባዋን የመታትም ይኸው ነበር።

ባለሙያው ዳሚር ይባላል። ገና ደጃፉ ላይ ሥራውን ዘረዘረላት።

«መጀመሪያ ክፍሎቹንና መስኮቶቹን እለካለሁ። ጣሪያ ውስጥ ገብቼ ብርድ የሚከላከለውን ጥጥ አያለሁ፤ ማሞቂያዎንም እመለከታለሁ። በመጨረሻ ዋናው በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ተክዬ አየሩን ወደ ውጭ እስባለሁ። ያኔ ቤቱ በየት በየት እንደሚያፈስ ራሱ ይናገራል። ሙቀት በመያዝ ከአሥር ኮከብ ስንት እንዳገኘም እነግርዎታለሁ።»

«አንቱታውን ተወው፤ አሮጊት አስመሰልከኝ። ስንት ያገኝ ይመስልሃል?»

እጁን በትንፋሹ እያሟሟቀ ኮሪደሩን ቃኘ። «አንድ ካገኘ ደግ ነው።»

ብሮንዊን ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

ከጣሪያው ሲወርድ ፀጉሩ የሸረሪት ድር ለብሶ ነበር። «ጣሪያሽ ውስጥ የገቡት የዱር እንስሳት፣ ፖሰሞቹ፣ ካንቺ በተሻለ ይኖራሉ» አላት። «ጥጡን ሰብስበው አልጋ አድርገውታል።»

«ኪራይ ጠይቅልኝ እንግዲህ።»

ድሩን ከፀጉሩ ልታነሳለት እጇን ዘርግታ፣ መሐል ላይ መለሰችው። ሁለቱም ሌላ ሌላ ቦታ አዩ።

ማራገቢያው ተተከለ። «አሁን መስኮቶቹ ይዘጉ፤ የውስጥ በሮች ሁሉ ይከፈቱ» አለ።

ብሮንዊን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አንድ የተቆለፈ በር አለ። «ያ ይቅር።»

«አንድ ክፍል ከተዘጋ ልኩ ውሸት ይሆናል። ውሸት ልክ ሰጥቼ አላውቅም።»

«የባሌ የሥራ ክፍል ነው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አልተከፈተም።»

ዳሚር በሩን አየው፤ እሷንም አያት። «እንግዲያው ዛሬ አንለካም። ሻይ ካለሽ ግን እጠጣለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «አይዞሽ፣ ጊዜ ይፈውሰዋል» ይላት ነበር፤ እሷም ይህን አባባል ሰልችታዋለች። እሱ ሻዩን ብቻ ጠጣ። ሁለተኛውን ኩባያ ሲጀምር ብሮንዊን ተነስታ ቁልፉን አመጣችና በሩን ከፈተችው።

ማራገቢያው መዞር ጀመረ። ውጭ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም፤ ፀሐይ ወጥቷል። ፉጨቱ ግን መጣ። እንደወትሮው ብቅ ብሎ የሚጠፋ አልነበረም፤ ሳያቋርጥ ቤቱን ሞላው።

«ላክላን!» ብላ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ዳሚር ማራገቢያውን ሊያጠፋ ሮጠ።

«አታጥፋው! የት እንዳለ አሳየኝ!»

ጭስ የሚያወጣ ትንሽ ዘንግ ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ተከተለችው። ጭሱ መጽሐፍ መደርደሪያው ጋ ሲደርስ ከኋላው በሚመጣ አየር ተበተነ። መደርደሪያውን ሳቡት። ግድግዳው እስከ ውጭ ድረስ ተበስቷል። ከሥሩ አቧራ የጠጣ መብሻ፣ አጠገቡም ከካርቶኑ ያልወጣ አዲስ ማሞቂያ ተቀምጧል።

«ለልደትሽ ብርዱን አባርርልሻለሁ» ይላት ነበር ላክላን በመጨረሻው ሳምንት። ቀልድ መስሏት ነበር።

«ለማሞቂያው ቱቦ የበሳው ነው» አለ ዳሚር ቀስ ብሎ። «ሳይጨርሰው...»

«ሊያሞቀኝ ነበር» አለች ብሮንዊን። «ሊያሞቀኝ በበሳው ቀዳዳ ልሞት ነበር!»

«ልድፈነው?»

«እኔ እደፍነዋለሁ።»

መዳፏን ቀዳዳው ላይ ጫነች። ፉጨቱ እጇ ሥር ቀጠነና ጠፋ። ያኔ ነው በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ ያለቀሰችው። ዳሚር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አጠገቧ ቆመ።

ማሞቂያውን የተከለላት እሱ ነው። ከዚያ ቤቱን እንደገና ሊለካ መጣ። ከዚያም የሚለካ ነገር ሳይኖር ይመጣ ጀመር፤ እህቷም «ይሄ ቤት መቼም ተለክቶ አያልቅ!» እያለች ሳቀችባቸው። በሚቀጥለው ክረምት ዳሚር ዕቃውን ጠቅልሎ ገባ። ቤቱ አምስት ኮከብ አግኝቶ ነበር፤ ሻማ ቢለኮስ ነበልባሉ አይወዛወዝም።

የመጀመሪያው የደቡብ ነፋስ የነፈሰ ዕለት ራት እየበሉ ነበር። ፉጨቱ ከኮሪደሩ መጣ፤ ቀጭን፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚል።

ብሮንዊን ሹካዋን አስቀመጠች። «ሰማህ?»

ዳሚር መዋሸት ይችል ነበር። «ሰማሁ» አለ። እያንዳንዱን ስንጥቅ የደፈነው እሱ ነው። «ልፈልገው?»

እጇን እጁ ላይ ጫነችና ወደ ጨለማው ኮሪደር ተመለከተች።

«ተወው» አለችው። «በርዶት ነው። ገብቶ ይሙቅ።»