የአቶ መሸሻ ግራ ጎን

ሲስተር አፀደ የተገኙት ከቤታቸው ጀርባ ባለው የድንጋይ ደረጃ ሥር ነው። በጀርባቸው ወድቀዋል። ራሳቸው መሬት ላይ፣ እግራቸው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቀርቷል። አንደኛው ጫማቸው ወልቆ ከላይ በሩ አጠገብ ነበር። ከቁስቋም ማርያም በላይ ያለው ሰፈር በጠራራው ፀሐይ ጭጭ ብሏል።

ኢንስፔክተር ቦሰና ሰባት ሰዓት ላይ ደረሰች። ወፍራም ናት፤ ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ ቀስ ብላ ትጠይቃለች። ሰው ይቺ ሴትዮ ደንዛዛ ናት ብሎ ይንቃትና ቆይቶ ይቆጨዋል።

«አንሸራትቷቸው ነው የሚመስለው፣ ኢንስፔክተር» አለ አብሯት የመጣው ሳጅን አቢ።

«አንተ ደረጃ ስትወርድ ፊትህን ወዴት ታዞራለህ?»

«ወደ ታች ነዋ።»

«እሳቸው ግን ፊታቸው ወደ ቤቱ ነበር። ጀርባቸውን ለደረጃው ሰጥተው ከአንድ ሰው ጋር ሲነጋገሩ ነው የወደቁት። ክንዳቸውን እየው።»

አቢ ጎንበስ አለ። በሁለቱም ክንዶች ላይ የጣት ምልክት ነበር።

ቦሰና የሟችዋን አንገት አየች። የመነጽር ገመድ ተንጠልጥሏል፤ የአንደኛው ጫፍ ክር አልቆ ተበጥሷል። መነጽሩ የለም። ደረጃውን፣ ሣሩን፣ ኮሪደሩን ፈለጉ። አላገኙትም።

ዘበኛው ጋሽ ቱሉ በዋናው በር ቆመው ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

«ከጠዋት ጀምሮ ማን ገባ፣ ማን ወጣ?»

«ማንም! ዝንብ እንኳ በኔ በር አላለፈም።»

«እንግዲያው የገፋቸው ሰው አሁንም ግቢው ውስጥ ነው።»

ጋሽ ቱሉ ዞር ብለው ቤቱን አዩት። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁት ቤት ነው፤ ዛሬ ግን ጀርባቸውን ሊሰጡት ፈሩ።

ሲስተር አፀደ ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። ወንድማቸው አቶ መሸሻ ስትሮክ ከመታቸው ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። አይንቀሳቀሱም፣ አይናገሩም፤ ዓይናቸው ብቻ ነው የቀራቸው። እሳቸውን የሚያስታምሙት ሦስት ሰዎች፣ ሰምሀል፣ ብርነሽና ፊሊሞን፣ የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው። ካናዳ ውስጥ አንድ ክፍለ ሀገር ሽማግሌ የሚንከባከብ ሰው አጥሮት ከውጭ ይወስዳል። እዚያ ያለ የአረጋውያን ቤት ሰውየውን ከመረጠ፣ ክፍለ ሀገሩ ስሙን መዝግቦ የመኖሪያ ፈቃዱን መንገድ ይከፍትለታል። ሦስቱም ተመርጠዋል። የቀራቸው ዋናው ነገር የሠሩበት ቤት ምስክርነት ነበር። የአረጋውያኑ ቤት ኃላፊ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ በቪዲዮ ደውላ፣ ስለ እያንዳንዳቸው ሲስተር አፀደን ልትጠይቅ ነበር።

ቦሰና መጀመሪያ ያነጋገረችው ሰምሀልን ነው። ሃያ ሰባት ዓመቷ፣ ነርስ ናት፤ ሳሎን ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች። በሩን ቆልፋ ስለነበር ሦስት ጊዜ ማንኳኳት አስፈለገ።

«ለምን ትቆልፊያለሽ?»

«ከመካከላችን አንዱ ነው አይደል? እኔ ዛሬ እዚህ ቤት አላድርም፤ ብትፈልጉ እሰሩኝ።»

«ከቀትር ጀምሮ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እንግሊዝኛ እለማመድ ነበር። ምንም አልሰማሁም። ወንበሩ ይመስክርልኝ እንግዲህ፣ ሌላ ማን አለኝ?» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እ... ማለቴ፣ ሰው ማማት አልወድም። ግን ብርነሽ ትምህርቷን ያቆመችው ከስምንተኛ ክፍል ነው። ሲስተር ይህን ለፈረንጆቹ ከነገሩባት አለቀላት።»

ጋሽ ቱሉም የሰሙት ነገር ነበር። ስድስት ተኩል ገደማ ሲስተር ከቤቱ ኋላ «አልዋሻቸውም! እንዲህ ያለ ሰው አልልክም!» ብለው ሲጮኹ ሰምተዋል። ለማን እንደሆነ ግን አላዩም።

አቢ ደብተሩን አጠፈ። «አለቀ እኮ። አስከሬኑን ያገኘችውም ብርነሽ ናት። ልውሰዳት?»

«ቆይ።»

ብርነሽ ማድ ቤት ነበረች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ለአቶ መሸሻ ምሳ የጀመረችው ሾርባ ምድጃው ላይ ቀዝቅዟል፤ ማማሰያውን ግን ከእጇ አላስቀመጠችም።

«ከወሰዱኝ በቃ፣ ሞትኩ» አለች ገና ቦሰና ስትገባ። «ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት ሰኞ ማስገባት አለብኝ። ካላስገባሁ ቦታዬን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። አራት ዓመት ነው የለፋሁት፣ ኢንስፔክተር። ልጄ እናቴ ጋ ናት፤ እወስድሻለሁ ብያታለሁ።»

«ቁጭ በይ። ሲስተርን መጨረሻ ያየሻቸው መቼ ነው?»

«የሬዲዮኑ የስድስት ሰዓት ዜና ሲጀምር። እዚችው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው የፓስፖርቴን ቁጥር ከቅጹ ጋር አስተያዩልኝ። ቁጥሩ ደቃቃ ነው።»

«መነጽር አድርገው?»

«ያለ መነጽርማ ጣታቸውንም አያዩ። ከዚያ መሸሻን ልየው ብለው ሄዱ።»

«ስምንተኛ ክፍል ማቆምሽን ያውቃሉ?»

«ቅጹን የሞሉልኝ እሳቸው አይደሉ! ስምንት ብለው በእጃቸው ጽፈውታል። እውነቱን ጻፊ፣ የሚወስዱሽ ለእጅሽ ነው አሉኝ።»

አቢ ከምድጃው አጠገብ ያለውን ፋይል ገልጦ አየ። ስምንት ይላል። ሳል አለና መልሶ አስቀመጠው።

ቦሰና ወደ አቶ መሸሻ ክፍል ስትገባ ሰባት ሰዓት ከአርባ ነበር። ክፍሉ ከኋላው ኮሪደር ጋር ይገናኛል፤ ከበሩ እስከ ደረጃው ስድስት እርምጃ ነው። ፊሊሞን አልጋው አጠገብ ቆሞ የሽማግሌውን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋል። ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ ነርስ።

«ግቢ እናቴ፣ ግቢ» አለ። «ጋሼ ከእኔ በቀር ሰው አይወዱም፤ ለአንቺ ግን አስፈቅዳለሁ።»

«እናትህ አይደለሁም። የት ነበርክ?»

«የት እሄዳለሁ? ከጠዋት ሁለት ሰዓት ጀምሮ ተረኛ ነኝ። ገላቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣቸዋለሁ። ያው ተጽፏል።»

ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ሁለት ሰዓት፣ ግራ ጎን። አራት ሰዓት፣ ጀርባ። ስድስት ሰዓት፣ ቀኝ ጎን። ስምንት ሰዓት፣ ግራ ጎን። በእያንዳንዱ ፊት በሰማያዊ እስክርቢቶ ምልክት ተደርጓል። አቶ መሸሻ በቀኝ ጎናቸው ተኝተዋል፤ ልክ ወረቀቱ እንደሚለው።

«ሲስተርስ?»

«ከቁርስ በኋላ አላየኋቸውም። ነፍሳቸውን ይማር።»

ፊሊሞን ጨርቁን እንደገና ወደ ሽማግሌው ፊት ሲያስጠጋ አቶ መሸሻ ዓይናቸውን ጭምቅ አድርገው ጨፈኑ። ቦሰና እንዲህ ያለ ፍርሃት ብዙ ጊዜ አይታለች፤ መሸሽ በማይችል ሰው ላይ ግን አይታ አታውቅም።

«አቢ፣ ይህን ወረቀት በስልክህ አንሳው። ፊሊሞን፣ አንተ ከሱ ጋር ሳሎን ጠብቀኝ። ብርነሽን ጥሩልኝ።»

ሁለቱ ወንዶች ሲወጡ አቶ መሸሻ ዓይናቸውን ገለጡ። ዓይናቸው ወደ ኋላ፣ ወደ ግድግዳው በኩል ይጎተታል፤ ይመለሳል፤ ደግሞ ይጎተታል። ቦሰና እጇን በፍራሹና በግድግዳው መካከል አስገባች። መነጽሩ እዚያ ነበር።

ከዚያ ከብርነሽ ጋር ሆነው የአቶ መሸሻን ልብስ ገለጥ አደረጉ። ብርነሽ አፏን በመዳፏ ያዘች።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ሁሉም አልጋው ዙሪያ ተሰበሰቡ። ሰምሀል በሩን ተጠግታ፣ ብርነሽ ከራስጌ፣ ጋሽ ቱሉ ከነዱላቸው፣ ፊሊሞን ከግርጌ፣ አቢ ከኋላው። ማንም ማንን አያይም።

«እኔ የነርስ ትምህርት የለኝም» አለች ቦሰና። «እናቴን ግን አራት ዓመት በዚህ እጄ አገላብጫለሁ። ስለዚህ ጋሽ መሸሻን ጠየቅኳቸው።»

«አይናገሩም እኮ» አለ ፊሊሞን ፈገግ ብሎ።

«ቆዳቸው ይናገራል። ሲስተር የወደቁት ፊታቸውን ወደ ቤቱ አዙረው ነው። ክንዳቸውን ይዞ የገፋቸው ሰው በዚህ ኮሪደር በኩል መጥቷል። ይህ አንድ። ስድስት ሰዓት ላይ መነጽራቸው ዓይናቸው ላይ ነበር፤ ብርነሽ ነግራኛለች። መነጽሩን ያገኘሁት ግን እዚህ አልጋ ውስጥ፣ በግድግዳው በኩል ነው። ብርነሽ ዋሽታለች ብንል እንኳ፣ መነጽሩ በእግሩ አልመጣም። ሲስተር እዚህ ገብተው በወንድማቸው ላይ ጎንበስ ብለዋል፤ ያን ጊዜ አሮጌው ክር ተበጥሶ ወደቀ። ፊሊሞን፣ አንተ ከክፍሉ አልወጣሁም ብለሃል። እንዴት አላየሃቸውም?»

«ምናልባት... ሽንት ቤት ሄጄ ይሆናል።»

«ይሁን። ታዲያ ለምን ነበር ያጎነበሱት?» ቦሰና አንሶላውን ገለጠች። በአቶ መሸሻ ግራ ዳሌ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ጠቁሯል። «ንካው። ይግላል፣ ጠጥሯል። ግራ ጆሯቸው ላይ የትራሱ ስፌት እንደ ማኅተም ታትሟል። ወረቀትህ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ከግራ ጎናቸው ተነስተዋል ይላል። ይህ ቆዳ ግን ከጠዋት እስከ ቀትር ማንም አልነካኝም ይላል። ቀኝ ጎናቸው ደግሞ ደህና ነው፤ አሁን ቅርብ ጊዜ ነው ያዞርካቸው። ሲስተር ከወደቁ በኋላ።»

ሰምሀል ከበሩ ራቅ ብላ ወደ አልጋው መጣች። ነርስ ናትና አንድ ጊዜ ብቻ አይታ ገባት። «ፊሊ!» አለች። «ይሄ እኮ ቁስል ሊሆን ነው።»

«ወረቀቱን ደግሞ ተመልከቱ» አለች ቦሰና። «አቢ፣ ፎቶውን ስንት ሰዓት አነሳኸው?»

«ሰባት ከአርባ ሁለት።»

«በሰባት ከአርባ ሁለት የስምንት ሰዓቱ ምልክት ተደርጎ ነበር። የቀኑን ምልክት ጠዋት በአንድ ጊዜ ጨርሰህ ስልክህን ይዘህ ቁጭ ብለሃል። ሲስተር ገቡ፤ የወንድማቸውን ጎን አዩ፣ ወረቀቱን አነበቡ። አሥር ሰዓት ላይ ፈረንጇ ለዚህ ልጅ ሽማግሌ ይታመናል ወይ ብላ ልትጠይቃቸው ነው። ጋሽ ቱሉ፣ ምን ሲሉ ሰሙ?»

«አልዋሻቸውም፤ እንዲህ ያለ ሰው አልልክም።»

«ብርነሽንማ ምን ብለው ይዋሹላታል? የክፍሏን ልክ በእጃቸው ጽፈዋል። ሰምሀል ዛሬ ተራ የላትም። ይህን ዳሌ አይተው የጮሁት በተረኛው ላይ ነው።»

የፊሊሞን ፈገግታ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

«አንዲት ቃል ነበር የለመንኳቸው» አለ በመጨረሻ። «ጎበዝ ነው በሉ፣ በቃ። አሁኑኑ ደውዬ ስምህን አሰርዛለሁ ብለው ስልካቸውን አወጡ። ሰባት ዓመት ነው የጠበቅኩት! ስልኩን ልቀማቸው እንጂ ልገፋቸው አላሰብኩም።»

«ከወደቁ በኋላስ? ትንፋሻቸውን አየህ?»

ፊሊሞን ወደ በሩ ዞረ፤ አቢ መንገዱን ዘጋበት።

«ነርስ ነህ። ወርደህ አየሃቸው ወይስ ተመልሰህ ጋሽ መሸሻን አዞርክ?»

አቢ የፊሊሞንን እጅ ወደ ኋላ አዙሮ ካቴና አስገባለትና ይዞት ወጣ። አቶ መሸሻ እስከ በሩ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት። ሲጠፋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

ብርነሽ አሁንም ከራስጌው አልተነቃነቀችም። «የኔስ ስም የት ነው የሚጻፈው?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«የምስክሮች ዝርዝር ላይ። ምስክር ተከሳሽ አይደለም። ሰኞ ሄደሽ ወረቀትሽን ጠይቂ፤ የሚያስቸግርሽ ካለ ወደ እኔ ይደውል።»

«አሥር ሰዓትስ? ስለ እኔ ማን ይናገርልኛል?»

ሰምሀል ወደ ብርነሽ ተጠጋች። «እኔ እናገራለሁ» አለች። «ለኢንስፔክተሯ ያልኩትን ይቅር በይኝ። ሲስተር እንደሞቱ እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ ስለ አንቺ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ።»

ብርነሽ «እሺ» አለች። ቀጥላም «ሲስተር እንደሞቱ» ብላ ቃሉን ደገመችው፤ ገና አሁን የሰማችው ይመስል። ከጠዋት ጀምሮ የፈራችው ለራሷ ነበር፤ ፍርሃቱ ሲለቃት ሐዘኑ በአንድ ጊዜ ገባባት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ግቢው ወጣች። ደረቷን እየደቃች «እናቴ! እናቴ!» ስትል ጩኸቷ ከዳገቱ ታች ተሰማ።

ጋሽ ቱሉ ሮጠው ዋናውን በር ወለል አድርገው ከፈቱት። የመጀመሪያዋ ጎረቤት እጇን ራሷ ላይ ጭና «ማነው? ማንን ነው?» እያለች ገባች።