ያልተመለሱት ሽማግሌዎች

ሙኒራ ኒዛርን መድረክ ላይ አየችው። ጊታሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ላቡ እየወረደ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይዘፍናል። ከስቷል። ፂም አሳድጓል። ግን እሱ ነው!

የጅቡቲ ሙቀት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትልም አይምርም። ሄሮን በሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ባለው ግቢ ውስጥ ወጣቱ ሁሉ ይዘላል። «ኸምሲን» የተባለውን የእነኒዛርን የሮክ ባንድ አሳታሚ አያውቀውም፤ ዘፈናቸውን ራሳቸው ይጽፋሉ፣ ራሳቸው ቀድተው በየስልኩ ይበትናሉ። ሙኒራ ድሬዳዋ ሆና ሁሉንም በቃሏ ይዛዋለች። ዛሬ እዚህ እንደሚጫወቱ ፌስቡክ ላይ ባታይ ኖሮ ይህን ጉዞ ባላሰበችው ነበር።

አክስቷ ዓቢዳ ግን የመጡት የሠርግ ጨርቅና ሽቶ ለመግዛት ብቻ ነው የሚመስላት። ሙኒራ «ትንሽ ሙዚቃ ሰምተን እንመለስ» ስትላት አምናት መጣች፤ አሁን ጆሮዋን በሻርፕ ጠቅልላ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

ከመግሪብ በኋላ አባቷ ከድሬዳዋ ይደውላሉ። ለጋብቻው ቃዲው ተጠርተዋል፣ የእጮኛዋ የኡበይድ ቤተሰቦች ተሰብስበዋል። «ኒካህሽን ልሰር ወይ?» ሲሏት «አዎ» ካለች አለቀ። ከዚያ በፊት ኒዛርን አንድ ነገር መጠየቅ አለባት። ሳትጠይቀው ብታገባ ታብዳለች!

አዛን ሲሰማ ባንዱ አቋርጦ ወረደ። ሙኒራ ሰዉን እየገፋች ከመድረኩ ኋላ ደረሰች።

«ኒዛር!»

ዞረ። መጀመሪያ ፊቱ በራ። ከዚያ እጇ ላይ ያለውን ሂና አየና ጠቆረ።

«እንኳን ደስ አለሽ» አላት። «ይህን ልታሳዪኝ ነው የመጣሽው?»

«ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ሽማግሌ ላክህ፤ አንዴ መጡ፣ ከዚያ ቀሩ። አንተም አገር ለቀህ ጠፋህ። ምን አደረግኩህ?»

«እኔ ነኝ የቀረሁት? አባትሽ እኮ እምቢ ብለውኛል!»

«ማን ነው ያለህ?»

«ወልደየሱስና ባሺር» አለ፣ ሲጋራ ወደያዙት ከበሮ መቺና ጊታሪስት እያሳየ። «እነሱ ናቸው የሄዱት። አባትሽ ‹ከዘመድ እንማከር፣ ከረመዳን በኋላ ብቅ በሉ› አሏቸው። ገባኝ። ጨዋ ሰው አይሆንም የሚለው እንደዚያ ነው።»

ሙኒራ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። ለመሆኑ የትኛው አገር ነው ከበሮ መቺ ኮት ተውሶ ሽማግሌ የሚሆነው? ግን ኒዛር ምን ያድርግ? እናቱን በልጅነቱ ቀብሮ፣ አባቱን ሳያውቅ ነው ያደገው። ወግ የሚነግረው ትልቅ ሰው አልነበረውም።

«ኒዛር... እሱ እኮ እምቢታ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ልጁን ‹እንኩ› የሚል አባት የት አለ? የሚሰጠው ሲመላለሱ ነው! አባቴ ከረመዳን በኋላ ድግስ አሠርተው ጠበቋችሁ። እኔም መስኮት ላይ ቆሜ...»

ኒዛር ግድግዳውን ተደገፈ።

«ወላሂ አላወቅኩም! ሙኒራ፣ ወላሂ!»

«አሁን አወቅክ። አባቴ ሊደውሉ ነው። ‹ጠብቂኝ› በለኝና እምቢ እላለሁ። በለኛ!»

ሙኒራ እጅጌውን ያዘችው።

«በለኛ ኒዛር!... እለምንሃለሁ!»

«አግብቻለሁ» አለ። «ውዳድ ትባላለች። አምቡሊ ነው የምንኖረው። ልጅ ወልዳልኛለች... ደግ ሰው ናት። ምን ልበልሽ?»

ሙኒራ አፏን በሻርፗ አፈነች። የጠበቀችው ሰው ፊቷ ቆሞ እያለ ሞተባት።

በዚህ መሃል ዓቢዳ ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛ እየተጋፋች መጣች። «ሙንዬ! የት ጠፋሽ? አባትሽ ናቸው!»

«ልጄ» አሉ አባቷ። «ቃዲው እየሰሙሽ ነው። ለኡበይድ ኒካህሽን ልሰር?»

«አዎ» ማለት ይቀላት ነበር። ኒዛር እንደሆነ አልፏል። ግን ኡበይድ ምን በደለ? ቤቱ ገብታ፣ እንጀራውን እየበላች፣ በሌላ ሰው ዘፈን ልታለቅስበት ነው?

«አይ አባ» አለች። «ኡበይድን አልዋሸውም። ልቤ እሱ ጋ የለም። ይቅር በሉኝ... አልፈቀድኩም።»

«ወይኔ ጉዴ!» አለች ዓቢዳ። ስልኩ ውስጥ ጉርምርምታ ተሰማና መስመሩ ተቋረጠ።

ኒዛር እንባው እየወረደ ተጠጋት። «ለእኔ ብለሽ ከሆነ...»

«ለአንተ አይደለም። ሂድ፣ ሰው እየጠበቀህ ነው። ውዳድን ደግሞ አደራ... እሷንም እንደኔ ስትጠብቅ እንዳታኖራት።»

ታክሲ ውስጥ ሙኒራ አክስቷ ጭን ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። ስልኩ እንደገና ጮኸ። ዓቢዳ ለማንሳት ፈራች። ሙኒራ ራሷ አነሳችው፤ እርግማኑን ለመስማት ተዘጋጅታ ዓይኗን ጨፈነች።

የደወሉት አባቷ ናቸው። እንግዶቹ ሳይሄዱ አልቀሩም፤ ከሳቸው ትንፋሽ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

«ነገ ወደ ቤትሽ ነይ» አሉ። «ብቻሽን እንዳታለቅሺ።»