ውኃ የማይደፍረው ማርሚታ

«ከዛሬ ጀምሮ ፎገራ ሜዳ ላይ ውኃ የሚባል ነገር የለም!»

ውባንቺ ይህን ያለችው ወረታ ከተማ፣ አባቷ ግቢ መሀል፣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው። ክረምቱ ግን አልሰማትም። የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ቦዩ ሞልቶ ወደ በሩ ይፈሳል።

ፊቷ የቆመው የሰውመሆን ሞተር ሳይክል ነው። ማርሚታው፣ ማለት የጭሱ መውጫ፣ እንደ ድሮው ከጎማው ጎን ተጋድሞ አልቀረም። ከአባቷ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ የተጣለ አሮጌ ቧንቧ ቀጥላበታለች፤ መጋጠሚያውን በቆርቆሮ ጠቅልላ፣ በሽቦ ጠፍራ፣ ከኋላ ወንበሩ ጎን ሽቅብ አቁማዋለች። ሞተሩ አንገቱን የመዘዘ ሽመላ መስሏል።

«ሰው አይስቅብኝም?» አለ ሰውመሆን።

«ይሳቅ! እነሱ ውኃ ዳር ቆመው ሲስቁ አንተ ትሻገራለህ።»

«ከተሻገርኩ ነው።»

«ከተሻገርኩ ይላል እንዴ! የማን እጅ የነካው መሰለህ?»

ሰውመሆን እጇን አየ። ጥፍሯ ሥር የገባውን ዘይት፣ አውራ ጣቷ ላይ ሽቦ የጫረውን መስመር እያየ ዝም አለ። እሷን የሚያስቸግራት ዝምታው ነው። ሲናገርማ መልስ አታጣለትም።

የሁለቱ ነገር የተጀመረው በግንቦት፣ ምድሩ ተሰነጣጥቆ ዝናብ በሚለምንበት ሰሞን ነው። የውባንቺ ወንድም ዘመነ ከዚያ ቀደም ብሎ ለሥራ ወደ መተማ ሲሄድ የራሱን ሞተር «እንዳትነኪው» ብሎ ነበር የተወላት። እንዳትነኪው ባይላት ምናልባት ባልነካችውም። እሷ እንደሆነች ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ደብተር ይዛ አታውቅም፤ ሞተር መፍታትና መግጠም ግን ራሷን በራሷ አስተማረች። ስትገጥም ሁልጊዜ አንድ ሁለት ብሎን ይተርፋታል። «ይኼ ፋብሪካው ለክፉ ቀን የጨመረው ነው» ብላ ጣሳ ውስጥ ታጠራቅመዋለች። ስልኳንም እንዲሁ ራሷ ጠግናዋለች። ከዚያ ወዲህ ስልኩ በስፒከር ካልሆነ አይሰማም።

በዚያው ግንቦት አንድ ቀን ሰውመሆን የቆመ ሞተሩን እየገፋ፣ ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ በሯ ላይ ደረሰ። የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ አነጋገሩ ቀስ ያለ።

«እህቴ፣ እዚህ አካባቢ ሞተር የሚሠራ ሰው አለ?»

«አለ።»

«የት ነው?»

«ፊትህ ቆሟል። ወይስ ዓይንህም እንደ ሞተሩ ተበላሽቷል?»

ሳቀ። ሲስቅ ድካሙ ሁሉ ከፊቱ ወረደ። ውባንቺ ካንዴላውን ፈታች፤ እሳት የሚጭርበትን ጫፍ ጥላሸት ሸፍኖት ነበር። በሽንኩርት ቢላዋ ፋቀችው፣ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው፣ መልሳ ገጠመችው። ሰውመሆን ፔዳሉን ረገጠ። ሞተሩ ጮኸ። የእሷም ደረት አብሮ መምታት ጀመረ፤ እሷ ግን በሞተሩ አሳበበች።

«ምን ልስጥሽ?»

«ሌላ ቀን ሲበላሽ ሌላ ሰው ጋ እንዳትወስደው።»

አልወሰደውም። በሳምንቱ መስታወቱ ላልቶ መጣ። ቀጥሎ ጡሩምባው እንቢ ብሎ መጣ። ሰኔ ላይ ደግሞ ምንም ሳይሆን መጣ።

«ዛሬ ደግሞ ምኑ ነው?»

«እንጃ… ድምፁ ልክ አይደለም።»

ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። «ድምፁስ ደህና ነው።»

«እንግዲያ የኔ ይሆናል።»

ውባንቺ ከጎማው ጀርባ ጎንበስ ብላ ያልላላውን ብሎን ማጥበቅ ጀመረች። ከዚያ በላይ ምንም አልተባለም። ክረምቱን ሙሉ ከዚያ በላይ ምንም አላለም።

ነገሩ የከረረው በጾመ ፍልሰታ ነው። አባቷ አቶ ባየህ አንድ ቀን ምሳ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ የአንበሳሜ ነጋዴ ቤተሰብ ለልጁ አንቺን ሊጠይቅ ነው። ጾሙ በተፈታ በመጀመሪያው እሑድ ሽማግሌ ይመጣል።»

ውባንቺ ያነሣችውን ጉርሻ መልሳ አኖረች። «አባዬ… ሌላም ሰው ቢልክስ?»

«ማን?»

እንጀራዋን መቆራረስ ጀመረች።

«እኔ ደጄ ላይ ሽማግሌ አላፎካክርም» አለ አባቷ። «ቀድሞ ለመጣው ቀጠሮ እሰጣለሁ። ቀጠሮ ከሰጠሁ ደግሞ ሌላ አልሰማም።»

አቶ ባየህን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሩዝ መፈልፈያው ቤት ዳኛ ይምጣ ቄስ ይምጣ ተራ አይዘለልም። የራሱን ልጅ ነገርም እንደ ሩዝ ጆንያ በተራ ሊያስተናግደው ነው።

ውባንቺ ይህን ለሰውመሆን ስትነግረው ፊቱ ጠየመ። ከዚያ «እኔም እልካለሁ» አለ። አላቅማማም፤ ግን አንድ ችግር ነበር። የነገሩ ራስ አጎቱ አያ አያልነህ ናቸው፤ እሳቸው የሌሉበት ሽምግልና ሽምግልና አይባልም። ጉልበታቸው ደግሞ ጭቃ አይረግጥም። ሰውመሆን ሞተሩን በታንኳ ጭኖ ይሻገራል፤ እሳቸው ግን ታንኳ ይፈራሉ። ሽምግልና ከእሑድ በቀር አይሄዱም፤ ቅዳሴ ሳያስቀድሱም ከቀያቸው አይነሡም። በነሐሴ ከቤታቸው እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ሙሉ በሙሉ ውኃ ነው።

ያኔ ነው ውባንቺ ደረቷን ነፍታ «ለእኔ ተወው» ያለችው። ያኔ ነው የወፍጮው ቧንቧ ከጥሻው ውስጥ የወጣው።

እሑድ ደረሰ። ውባንቺ ታጥባ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ጓዳ ተቀመጠች። ሽማግሌ በሚጠበቅበት ቤት ልጅ ደጅ አትታይም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እንዲያ ተጎልታ የዋለችበት ቀን ግን አልነበረም። ስልኩ ጭኗ ላይ ተንቀጠቀጠ።

«ቆመ» አለ ሰውመሆን።

«ምኑ?»

«ሞተሩ ነዋ። ውኃው መሀል ተንፈቀፈቀና ጸጥ አለ።»

«ማርሚታው ውኃ ገባበት?»

«ማርሚታውማ ሽቅብ ቆሟል። ውኃው ግን ወንበሩ ሥር ደርሶ ነበር።»

ያኔ ነው የገባት። ሞተር ጭስ ብቻ አያስወጣም፤ አየርም ይስባል። የሚስብበት ደግሞ ወንበሩ ሥር ነው። ጭስ መውጫውን ሰማይ ስትሰቅል የአየሩን መግቢያ ረስታዋለች።

«ጉብታው ላይ ግፋውና ካንዴላውን ፍታ! ከዚያ ፔዳሉን ርገጥ፣ ውኃውን ይተፋዋል።»

«ገፍቼ አውጥቼዋለሁ፤ ጉብታው የሚበቃው ግን ለሞተሩ ብቻ ነው። በምን ልፍታው?»

«በካንዴላ ቁልፍ ነዋ! ወንበሩ ሥር…»

እጇ ሳታዘው ወደ ዕቃ መያዣ ዘንቢሏ ሄደ። ቁልፉ እዚያው ነበር። ትናንት አጥብቃ ስትጨርስ በልማድ የራሷ ዘንቢል ውስጥ ወርውራዋለች።

ከስልኩ ወዲያ የአያ አያልነህ ድምፅ ጮኸ፦ «ለዚያች ልጅ ንገራት! ያቆመችው የወፍጮ ቧንቧ ጆሮዬን ጠብሶታል በላት!»

«እማዬ፣ ልሂድ» አለች ውባንቺ እየተነሣች።

እናቷ ወይዘሮ ሸዋዓለም ክንዷን ያዙ። «ወዴት? እብድ ነሽ? ደርሰዋል እኮ!»

እውነትም ደጅ መኪና ቆመ። ከአንበሳሜ የመጡት ሽማግሌዎች በአስፋልት ነው የመጡት፤ ጫማቸው እንኳ አልጨቀየም። መሪያቸው አቶ በላይነህ ነጭ ጋቢያቸውን አስተካክለው ገቡ። አባቷ «ተቀመጡ» ሲል «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ እንደ ደንቡ፤ ቆመው ተናገሩ። የልጁን ዘር፣ ጠባዩን፣ ቤቱን ዘረዘሩ። ቀስ ያለ፣ የተከበረ፣ እንከን የሌለው ንግግር ነበር። ያ ነው ያስጠላት።

ውባንቺ መጋረጃው ኋላ የካንዴላውን ቁልፍ ጨብጣ ቆመች። ብረቱ መዳፏ ውስጥ ሞቀ። ወጥታ ልትጮህ አሰበች፤ ምን ብላ ትጮሃለች? ሮጣ ልትሄድ አሰበች፤ በሩ በሳሎኑ በኩል ነው። በወረታ የማልፈታው ነገር የለም ስትል የከረመች ልጅ አንዲት መጋረጃ መግለጥ አቃታት። እንባዋ ወርዶ ቁልፉ ላይ ጠብ አለ። ያዝገዋል ብላ በቀሚሷ ጠረገችው።

«መልካም» አለ አባቷ ሳሎን ውስጥ። «ቀድማችሁ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ። እንግዲህ ቀጠሮውን…»

ስልኩ ጮኸ።

ልትዘጋው ስትጣደፍ የነካችው ማንሻውን ነው።

«ውባንቺ!» አለ የሰውመሆን ድምፅ፣ ጓዳውን አልፎ፣ መጋረጃውን አልፎ። «አያ አያልነህ ሞተሩን ትተህ አዝለኸኝ ሂድ ይላሉ። ይኸው ጭኔ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሜ ደግፌዋለሁ፤ አልተውም ብያቸዋለሁ!»

«ዝም በል! በሞቴ ዝም በል!» አለች በሹክሹክታ።

«ምን አልሽ? አይሰማም!»

«ዝም በል!»

«አይሰማም እኮ ነው የምልሽ! አንቺ የነካሽውን ነገር ውኃ አይወስድብኝም። እወድሻለሁ! ሰማሽ? ቁልፉን ግን ላኪልኝ!»

መስመሩ ተቋረጠ።

ክረምቱን ሙሉ ስትጠብቀው የነበረ ቃል ነው። አሁን እሷም፣ አባቷም፣ የአንበሳሜ ሽማግሌዎችም እኩል ሰሙት።

«አቶ ባየህ» አሉ አቶ በላይነህ፣ «ጓዳህ ውስጥ ሌላ ሽማግሌ አለ እንዴ?»

«ውባንቺ!» አለ አባቷ።

ወጣች። አንገቷን ደፍታ፣ ቁልፉን እንደጨበጠች።

«ያ ልጅ የት ነው ያለው?» አሉ አቶ በላይነህ።

«ቁሐር፣ ውኃው መሀል ነው ጋሼ።»

«ወዴት ሲሄድ?»

«ወደዚህ። ሽማግሌ ጭኖ።»

«የያዝሽውስ ምንድን ነው?»

«የሞተሩ ቁልፍ ነው።»

«እሱ ዘንድ መሆን የነበረበት?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አሥር ቃል ትደረድር ነበር።

አቶ በላይነህ ወደ አባቷ ዞሩ። «ወፍጮህ ቤት ሩዝ አስፈልፍዬ አውቃለሁ። ተራ የያዘ ሰው ጆንያው ደጅ ቢወድቅበትና ሊያነሣ ቢወጣ፣ ተራውን ለሌላ ትሰጥበታለህ?»

«አልሰጥበትም» አለ አቶ ባየህ። «እጠብቀዋለሁ።»

«እንግዲያ ይኼ ልጅ ተራውን ከእኛ በፊት ይዟል። ጆንያውን እያነሣ ነው።» ከዘራቸውን አነሡ። «እኛም ውኃ ውስጥ በቆመ ሰው ላይ ልጅ አንጠይቅም። ቀጠሮውን አልተቀበልነውም።»

አባቷ እስከ ደጅ ሸኛቸው። ሲመለስ ፊቷን ሳያይ «ሂጂ» አለ። «ቁልፉን አድርሺለት። እናትሽ ትከተልሻለች። አያልነህንም አምጧቸው። ሽማግሌ ሳይቆምልኝ ከእኔ መልስ የለም፤ በስልክ ልጅ አይጠየቅም!»

በባጃጅ እስከ አስፋልቱ ጥግ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ሰማዩን ተሸክሞ ተኝቷል፤ የሩዙ ጫፍ ብቻ እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል። መሀል፣ ጉብታው ላይ፣ ቀጥ ያለ ቧንቧ ቆሟል። ከቧንቧው ጎን፣ ወንበሩ ላይ፣ አያ አያልነህ ጃንጥላ ዘርግተው ጫማቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ሰውመሆን ውኃው ውስጥ ቆሞ መሪውን ይዟል።

ውባንቺ አዲሱን ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። እናቷ ከኋላ «ኧረ ቀሚሱ!» እያሉ ይጮሃሉ።

አጠገቡ ስትደርስ አላናገራትም። ስልክ ላይ ያን ያህል የጮኸ ሰው አሁን ውኃውን ያያል።

«ምን ነበር ያልከኝ?» አለች።

«መቼ?»

«በስልክ። ደግመህ በለው።»

ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ ከንፈሩ በብርድ ይንቀጠቀጣል። «እዚህ ቅርብ ነሽ» አለ ቀስ ብሎ። «መጮህ አያስፈልግም።»

አልጮኸም። ግን ሰማችው።

ካንዴላውን ፈታች። ፔዳሉ ሲረገጥ ጭቃ ውኃ ፊጭ ብሎ የአያ አያልነህን ጋቢ አራሰው። መልሳ ገጠመች። ሞተሩ እንደ ሰው ሳለ፣ ትንሽ ጨሰ፣ ጸጥ አለ። ደግማ ሞከረች። ሦስተኛ ስትሞክር እጇ ዛለ፤ ሰውመሆን ቁልፉን ከእጇ ቀስ ብሎ ወሰደው። መጨረሻ ላይ ጎረቤት ጥማድ በሬ ይዞ መጣ። ሽማግሌውን ከነጃንጥላቸው፣ ሞተሩን ከነአንገቱ፣ በሬዎቹ አስፋልት ላይ ጎትተው አወጧቸው።

መንገደኛው ተሰብስቦ ያይ ጀመር። አንዱ ወደ ቧንቧው እየጠቆመ ሳቀ። ውባንቺ ግን መሸነፍ የት ታውቃለች? ጣቷን ቧንቧው ውስጥ ከትታ አወጣችና ለሁሉም አሳየች።

«አያችሁ? ጥላሸት ብቻ! የኔ ማርሚታ አንዲት ጠብታ ውኃ አላስገባም!»

አያ አያልነህ ጋቢያቸውን እየጨመቁ፣ የተጠበሰ ጆሮአቸውን ዳበስ አድርገው ቧንቧውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ልክ ነሽ ልጄ» አሉ፤ «ከሁላችን ደርቆ የቀረ እሱ ብቻ ነው።»